ሁለት ነጥብ፣ ሦስት ቤተሰብ፦ መሠረታዊ ፈንክሽኖችና ግራፎቻቸው በወላይታ ምሳሌዎች

መግቢያ

ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች የማጠናከሪያ ትምህርት በምሰጥበት ጊዜ አንድ ጥያቄ ደጋግሜ አቀርባለሁ፦ «በ(2፣ 4) እና በ(4፣ 16) ላይ የሚያልፈው ፈንክሽን የትኛው ነው?» ግብዓቱን በ«ቀ»፣ ውጤቱን በ«ወ» ብንወክል፣ አብዛኞቹ ሳይዘገዩ «ወ = ቀ²» ይላሉ። ጥቂቶች በሁለቱ ነጥቦች ላይ ማስመሪያ አሳርፈው «ወ = 6ቀ − 8» የሚል ቀመር ያወጣሉ። አልፎ አልፎ አንድ ተማሪ «2 በ«ቀ» ኃይል ከፍ ሲልም እኮ ይሆናል» ይላል፤ ይህም «ወ = 2^ቀ» ነው። ሦስቱም ትክክል ናቸው። ሦስቱ ቀመሮች በእነዚህ ሁለት ነጥቦች ላይ ፍጹም ይስማማሉ፤ ከዚያ ውጭ ግን ይለያያሉ። በ«ቀ = 3» ላይ በቅደም ተከተል 10፣ 9 እና 8 ይሰጣሉ። በ«ቀ = 10» ላይ ደግሞ 52፣ 100 እና 1,024 ይሆናሉ።

ይህ ጽሑፍ የሚነሣው ከዚህ ቀላል አለመግባባት ነው። በትምህርት ቤቶቻችን ግራፍ መሳል ማለት በአብዛኛው ከ−3 እስከ 3 ያሉ ቁጥሮችን በሠንጠረዥ አስቀምጦ፣ ነጥቦቹን ሠሌዳ ላይ አሳርፎ፣ በእጅ ማያያዝ ማለት ነው። የእኔም የ11ኛ ክፍል ደብተር በእንዲህ ዓይነት ሠንጠረዦች የተሞላ ነበር። ነገር ግን ነጥቦች ብቻቸውን የፈንክሽኑን ቤተሰብ አይነግሩንም። ቤተሰቡን የሚለየው የለውጡ ሕግ ነው፤ ሕጉን የምናገኘውም ነጥቦቹ ከመጡበት ነገር ባሕርይ እንጂ ከነጥቦቹ አቀማመጥ ብቻ አይደለም። ይህንን በወላይታ ዙሪያ ባሉ ምሳሌዎች ለማሳየት እሞክራለሁ።

በሌሎች አገሮች «ፕሪካልኩለስ» ተብሎ በአንድ ኮርስ የሚሰጠው ይዘት በእኛ ሥርዓተ ትምህርት ለየክፍሉ ተከፋፍሎ ይገኛል። ለረጅም ጊዜ በሥራ ላይ በነበረው የመማሪያ መጽሐፍ ፖሊኖሚያል፣ ኤክስፖኔንሻልና ሎጋሪዝም በ10ኛ ክፍል፣ የራሽናል ፈንክሽኖች ጥናት በ11ኛ ክፍል ይመጣሉ። ተማሪው ዩኒቨርሲቲ ሲገባም የአንደኛ ዓመቱ የተፈጥሮ ሳይንስ ሒሳብ ኮርስ ለፈንክሽኖች አንድ ምዕራፍ ይሰጣል። ይዘቱ ተከፋፍሎ በመቅረቡ ተማሪው እያንዳንዱን ቤተሰብ ለብቻው ያውቀዋል፤ ቤተሰቦቹን እርስ በርስ አነጻጽሮ የመምረጥ ልምድ ግን እምብዛም አያገኝም።

ቤተሰብ ስንል

የፈንክሽን ቤተሰብ የሚባለው ከአንድ መሠረታዊ ፈንክሽን በማንሸራተት፣ በመለጠጥ፣ በመጨመቅና በመገልበጥ የሚገኙ ፈንክሽኖች ስብስብ ነው። መሠረታዊውን «ፈ» ብንለው፣ አባላቱ በጥቅሉ «ወ = ሀ·ፈ(ለ(ቀ − መ)) + ነ» በሚል መልክ ይጻፋሉ። «ነ» ግራፉን ወደ ላይ ወይም ወደ ታች፣ «መ» ወደ ቀኝ ወይም ወደ ግራ ያንሸራትታል፤ «ሀ» በቁመት፣ «ለ» በአግድም ይለጥጣል ወይም ይጨምቃል። አሉታዊ ምልክት ግራፉን ይገለብጠዋል። ልጆች በቁመትና በመልክ ቢለያዩም በአንድ ነገር እንደሚመሳሰሉ ሁሉ፣ የአንድ ቤተሰብ አባላትም እነዚህ አራት ቁጥሮች ቢቀያየሩባቸውም የማይጠፋ ጠባይ አላቸው።

ይህ ሐሳብ አዲስ አይደለም። ሌዎንሃርድ ኦይለር በ1748 እ.ኤ.አ. በላቲን ባሳተመው የአናሊሲስ መግቢያ መጽሐፉ ፈንክሽንን የጥናቱ ማእከል አድርጎ፣ ኤክስፖኔንሻል፣ ሎጋሪዝምና ትሪጎኖሜትሪክ ፈንክሽኖችን ከካልኩለስ በፊት በሥርዓት አቅርቧል። ዛሬ በክፍል ውስጥ የምንከተለው ቅደም ተከተል በብዙ መልኩ የዚያ አቀራረብ ወራሽ ነው።

የማይጠፋው ጠባይ ምንድን ነው? ግብዓቱን በእኩል እርምጃ ስናስኬድ ውጤቱ የሚለወጥበት መንገድ ነው። ወደ መነሻ ምሳሌያችን እንመለስና «ቀ» 2፣ 3 እና 4 ሲሆን ያለውን እንመልከት።

በመስመራዊው ውጤቶቹ 4፣ 10፣ 16 ናቸው፤ ልዩነቱ ሁልጊዜ 6 ነው። በኳድራቲኩ 4፣ 9፣ 16 ናቸው፤ ልዩነቶቹ 5 እና 7 ሲሆኑ፣ የልዩነቶቹ ልዩነት ሁልጊዜ 2 ነው። በኤክስፖኔንሻሉ 4፣ 8፣ 16 ናቸው፤ ልዩነቱ ያድጋል፣ አንዱ ለሌላው ሲካፈል የሚገኘው ጥምርታ ግን ሁልጊዜ 2 ነው።

ሌሎቹም መለያ አላቸው። በ«ወ = ክ/ቀ» ቤተሰብ የግብዓትና የውጤት ብዜት አይለወጥም። በሎጋሪዝም ግብዓቱ በእጥፍ በጨመረ ቁጥር ውጤቱ በተወሰነ መጠን ብቻ ይደመራል። በሳይንና በኮሳይን ውጤቱ ከተወሰነ ርዝመት በኋላ ራሱን ይደግማል። ተማሪ የግራፎቹን ቅርጽ በቃል ከመያዙ በፊት እነዚህን መለያዎች ቢያውቅ፣ ቅርጾቹ ራሳቸው ከመለያዎቹ ይወለዱለታል።

የኳድራቲክን አንድ ጠባይ በአጥር ምሳሌ ማየት ይቻላል። አንድ ቤተሰብ 60 ሜትር የሚሆን አጥር አለው እንበል፤ የቤቱን ግድግዳ እንደ አንድ ጎን ተጠቅሞ አራት ማእዘን ጓሮ ሊከልል ይፈልጋል። ከግድግዳው የሚወጣው ጎን «ቀ» ሜትር ቢሆን፣ ስፋቱ «ወ = ቀ(60 − 2ቀ)» ይሆናል። በ10 ሜትር 400 ካሬ ሜትር፣ በ20 ሜትርም 400 ካሬ ሜትር ይገኛል። ሁለቱ እኩል መሆናቸው ከመካከላቸው፣ ማለትም በ15 ሜትር ላይ፣ የፓራቦላው ጫፍ እንዳለ ይነግረናል፤ በዚያም ስፋቱ 450 ካሬ ሜትር ነው። ካልኩለስ ሳያስፈልግ፣ የቤተሰቡ ሚዛናዊነት ብቻ ትልቁን ስፋት አሳየን።

የጊፋታ ቁጠባ፦ መስመር ወይስ ደረጃ?

በወላይታ የዘመን መለወጫ በዓል በሆነው በጊፋታ የሚታረደው በሬ ዋጋ በአንድ ቀን የሚከፈል አይደለም። ሰዎች በቡድን ሆነው ዓመቱን ሙሉ ገንዘብ ያጠራቅማሉ። አንድ አባል በየሳምንቱ 50 ብር ያዋጣል ብንል፣ ከ«ቀ» ሳምንት በኋላ ያጠራቀመው «ወ = 50ቀ» ብር ነው፤ በ52 ሳምንት 2,600 ብር ይደርሳል። ይህ በእኩል ጊዜ እኩል የሚጨምር በመሆኑ መስመራዊ መሆኑ ግልጽ ነው።

ሆኖም ግራፉን ስንስል ነጥቦቹን በቀጥታ መስመር ማያያዝ አለብን? መስመሩ በሦስት ሳምንት ተኩል 175 ብር እንዳለ ይናገራል። በእውኑ ግን በዚያን ቀን በሣጥኑ ውስጥ ያለው 150 ብር ነው። የሚቀጥለው መዋጮ እስኪመጣ ገንዘቡ ባለበት ይቆያል፤ ከዚያ በአንድ ጊዜ ይዘላል። ትክክለኛው ግራፍ የደረጃ ቅርጽ አለው። መስመሩ የደረጃዎቹን ጫፎች ይነካል እንጂ ደረጃውን አይተካም።

ስለዚህ ዶሜይን የሚባለው ነገር በፈተና ላይ ለአንድ ነጥብ የሚጠየቅ ጎን ጉዳይ አይደለም። ነጥቦችን ከማያያዛችን በፊት በመካከላቸው ያለው ግብዓት ትርጉም እንዳለው መጠየቅ ያስፈልጋል። ይህንን ጥያቄ ያልጠየቀ ተማሪ ቀመሩን በትክክል ጽፎ ግራፉን ሊያሳስት ይችላል።

ሁለት ቆጠራ

አሁን ወደ ከበደው ምሳሌ እንሂድ። ኢትዮጵያ ሁለተኛውን የሕዝብና ቤት ቆጠራ በጥቅምት 1987፣ ሦስተኛውን በግንቦት 1999 ዓ.ም. አካሂዳለች። አራተኛው ተደጋግሞ ተራዝሟል። ወላይታ በመጀመሪያው ጊዜ በሰሜን ኦሞ ዞን ውስጥ ተጠቃልላ ነበር፤ ራሷን የቻለች ዞን የሆነችው በ1993 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ለንጽጽር ያኔ ወላይታ የነበረችበትን የደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል እንውሰድ። የክልሉ ሕዝብ በ1987 ቆጠራ 10,377,028፣ በ1999 ቆጠራ ደግሞ 14,929,548 ነበር። በሁለቱ መካከል 12.63 ዓመት ያህል አለ።

እነሆ ሁለት ነጥብ። በእነርሱ ላይ ቀጥታ መስመር ቢያልፍ ስሎፑ በዓመት ወደ 360,500 ሰው ገደማ ይሆናል። ኤክስፖኔንሻል ቢያልፍ የዓመት ዕድገቱ 2.9 ከመቶ ይሆናል። ሁለቱም ግራፎች ሁለቱን ቆጠራዎች ያለ ምንም ስሕተት ይነካሉ። በመካከላቸው ያለው ልዩነትም ጠባብ ነው፤ በሁለቱ ቆጠራዎች አጋማሽ ላይ፣ በጥር 1993 አካባቢ፣ መስመሩ 12.65 ሚሊዮን፣ ኤክስፖኔንሻሉ 12.45 ሚሊዮን ይሰጣል። የልዩነቱ መጠን 200,000 ያህል ነው።

ወደ ፊት ስንሄድ ግን ሁኔታው ይለወጣል። ከሦስተኛው ቆጠራ 18 ዓመት በኋላ፣ ማለትም ለግንቦት 2017 ዓ.ም.፣ መስመሩ 21.4 ሚሊዮን፣ ኤክስፖኔንሻሉ 25.1 ሚሊዮን ይላል። ልዩነቱ ከ3.6 ሚሊዮን ይበልጣል። በ1999 በወላይታ ዞን የተቆጠረው ሕዝብ 1,501,112 ስለነበር፣ ይህ ልዩነት ብቻውን የያኔዋን ወላይታ ከሁለት ጊዜ በላይ የሚሞላ ነው። የመማሪያ ክፍል፣ የክትባት መድኃኒት፣ የውኃ ቦኖ የሚታቀደው በሰው ቁጥር ከሆነ፣ በሁለቱ ቤተሰቦች መካከል መምረጥ የደብተር ጉዳይ ብቻ አይሆንም።

ከሁለቱ የትኛው ይሻላል? ሁለቱ ነጥቦች ራሳቸው ሊመልሱልን አይችሉም። አንዳንዶች ቁጥሮቹን በሎጋሪዝም መለኪያ ላይ እንሳልና መስመር ከወጣልን ኤክስፖኔንሻል ነው ሊሉ ይችላሉ። ይህ ዘዴ ሦስትና ከዚያ በላይ ነጥቦች ሲኖሩ ይሠራል፤ በሁለት ነጥቦች ላይ ግን ሁልጊዜ መስመር ይወጣል። ሦስተኛ ነጥብ ቢገኝም ነገሩ አያበቃም፤ በማናቸውም ሦስት የተለያየ ግብዓት ባላቸው ነጥቦች ላይ የሚያልፍ ፓራቦላ ወይም ቀጥታ መስመር አለና።

መልሱ የሚመጣው ሕዝብ ከሚያድግበት መንገድ ነው። የዛሬ ልደት ዛሬ ባሉ እናቶች ቁጥር ላይ ይመሠረታል። ሕዝቡ እጥፍ ቢሆን፣ ሌላው ሁሉ ባለበት ቢቀጥል፣ ልደቱም እጥፍ ይሆናል። ጭማሪው ካለው መጠን ጋር የሚመጣጠን ማንኛውም ነገር ደግሞ የኤክስፖኔንሻል ቤተሰብ አባል ነው። መስመሩ በበኩሉ ሕዝቡ ያነሰም ይሁን የበዛ በየዓመቱ እኩል ሰው ይጨመራል እንደ ማለት ነው፤ ይህን የሚያስረዳ ምክንያት ማግኘት ያስቸግራል። ስለዚህ ኤክስፖኔንሻሉ ለአጭር ጊዜ የተሻለ መነሻ ነው።

መነሻ ያልሁት በምክንያት ነው። «ሌላው ሁሉ ባለበት ቢቀጥል» የሚለው ቅድመ ሁኔታ ለረጅም ጊዜ አይጸናም። አንዲት እናት በአማካይ የምትወልዳቸው ልጆች ቁጥር ሲቀንስ ጥምርታውም ይቀንሳል፤ ግራፉ ከኤክስፖኔንሻሉ በታች ይጎብጣል። ማልተስ በ1798 እ.ኤ.አ. ሕዝብ በጂኦሜትሪያዊ፣ ምግብ በአሪትሜቲካዊ ደረጃ ያድጋሉ ሲል በእኛ ቋንቋ ስለ ሁለት የፈንክሽን ቤተሰቦች መናገሩ ነበር። ቤልጅየማዊው ፌርሁልስት በ1838 እ.ኤ.አ. ለዚህ የሰጠው መልስም የሒሳብ መልስ ነው፦ ዕድገቱ ወደ አንድ ጣሪያ በተጠጋ ቁጥር የሚቀዘቅዝበትን የሎጂስቲክ ፈንክሽን አቀረበ። ክርክሩ የነጥብ ክርክር ሳይሆን የቤተሰብ ክርክር ነበር።

መሬትና ጊዜ፦ ክፍልፋይና ሎጋሪዝም

ወላይታ ሕዝብ ተጠጋግቶ ከሚኖርባቸው የአገራችን አካባቢዎች አንዷ ናት። በ1999 ቆጠራ በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር 357 ሰው ያህል ይኖርባት ነበር። አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር 100 ሄክታር ስለሆነ፣ ኮረብታውንም መንገዱንም ጨምሮ ለአንድ ሰው የሚደርሰው 0.28 ሄክታር ነው። የመሬቱ ስፋት ስለማይጨምር፣ ለአንድ ሰው የሚደርሰው መሬት «ወ = ክ/ቀ» በሚለው ቤተሰብ ውስጥ ይወድቃል፤ «ቀ» የሕዝቡ ቁጥር፣ «ክ» የዞኑ ስፋት ነው።

የዚህ ግራፍ ቅርጽ ተመልካችን ሊያታልል ይችላል። በመጀመሪያ በፍጥነት ይወርዳል፤ ከዚያ ወደ አግድሙ አሲምፕቶት እየተጠጋ የተረጋጋ ይመስላል። ዓይን «ችግሩ እየቀለለ ነው» ይላል። ጥምርታውን ያየ ግን ሕዝቡ እጥፍ በሆነ ቁጥር ድርሻው ሁልጊዜ በግማሽ እንደሚቀንስ ያውቃል፤ ከ0.28 ወደ 0.14፣ ከ0.14 ወደ 0.07። ግራፉ ቢለሰልስም ሕጉ አልለሰለሰም።

ታዲያ እጥፍ የሚሆነው መቼ ነው? ይህ የሎጋሪዝም ጥያቄ ነው። ኤክስፖኔንሻል «ከዚህ ያህል ጊዜ በኋላ ምን ያህል?» ለሚለው ሲመልስ፣ ሎጋሪዝም ተገልባጩ ስለሆነ «ይህን ያህል ለመድረስ ስንት ጊዜ?» ለሚለው ይመልሳል። ከላይ ባገኘነው የክልሉ የ2.9 ከመቶ ዕድገት ብንሰላ መልሱ 24 ዓመት ያህል ነው። ሁለቱን ስናገናኝ፣ ዕድገቱ በዚያው ቢቀጥል የአንድ ሰው የመሬት ድርሻ በየ24 ዓመቱ በግማሽ እንደሚቀንስ እናገኛለን። ኤክስፖኔንሻል፣ ሎጋሪዝምና ክፍልፋይ በሦስት የተለያዩ ምዕራፎች ቢማሩም በአንድ ጥያቄ ውስጥ ተገናኙ።

የሶዶ ቀን ርዝመት

ሶዶ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን በ6 ዲግሪ ከ54 ደቂቃ ላይ ትገኛለች። ቀኑ በዓመት ውስጥ ሲረዝምና ሲያጥር ራሱን ይደግማል፤ ስለዚህ የሳይን ቤተሰብ ነው። «ቀ»ን ከመስከረም 1 ጀምሮ የተቆጠረ ቀን ብናደርግ፣ የቀኑ ርዝመት በሰዓት እንዲህ ሊጻፍ ይችላል፦

ወ = 12 + 0.4 ሳይን(2ፓይ(ቀ − 192)/365)

እያንዳንዱ ቁጥር ትርጉም አለው። 12 ግራፉ የሚወዛወዝበት መካከለኛ መስመር ነው። 365 የዙሩ ርዝመት ነው። 192 መንሸራተቻው ሲሆን፣ ቀንና ሌሊት እኩል የሚሆኑበትን መጋቢት 12ን ያመለክታል። 0.4 ሰዓት፣ ማለትም 24 ደቂቃ፣ የመወዛወዙ ስፋት ነው። በዚህም መሠረት ረጅሙ ቀን በሰኔ 13 እና 14 አካባቢ 12 ሰዓት ከ24 ደቂቃ፣ አጭሩ በታኅሣሥ 12 አካባቢ 11 ሰዓት ከ36 ደቂቃ ይሆናል። ብርሃን በከባቢ አየር በመሰበሩና በፀሐይ ስፋት ምክንያት የሚጨመሩትን ጥቂት ደቂቃዎች እዚህ አልቆጠርንም።

አዲስ አበባን በዚሁ ቀመር ብናሰላ የሚለወጠው አንድ ቁጥር ብቻ ነው፤ በ9 ዲግሪ ላይ በመሆኗ ስፋቱ ወደ 32 ደቂቃ ከፍ ይላል። ቤተሰቡ ያው፣ አባሉ ሌላ። የዝናቡን መጠን በዚሁ መንገድ ለመግለጽ ብንሞክር ግን ይከሽፋል። በወላይታ በልግና ክረምት ሁለት የዝናብ ወቅቶች ናቸው፤ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ከፍ ዝቅ የሚል ሳይን ሁለቱን ሊይዝ አይችልም። ቢያንስ የዓመትና የግማሽ ዓመት ዙር ያላቸው ሁለት ሳይኖች መደመር አለባቸው። ቤተሰብን ማወቅ ማለት የት እንደማይሠራ ማወቅንም ይጨምራል።

ለማስተማር ምን ይጠቅማል?

ከእነዚህ ምሳሌዎች ሦስት ሐሳቦች ይወጣሉ። አንደኛ፣ የእሴት ሠንጠረዥ ሲሠራ ከጎኑ የልዩነትና የጥምርታ ዓምዶች ቢጨመሩ፣ ተማሪው ነጥብ ከማሳረፉ በፊት የለውጡን ሕግ ያያል። ይህ ተጨማሪ መሣሪያ አይጠይቅም፤ ጠመኔና ጥቁር ሠሌዳ ይበቃዋል።

ሁለተኛ፣ ቤተሰቦች በየምዕራፋቸው ብቻ ሳይሆን ጎን ለጎንም ቢቀርቡ መልካም ነው። «ቀ²» እና «2^ቀ» በአንድ ሠሌዳ ላይ ሲሳሉ ከ2 እስከ 4 ባለው ክፍተት የመጀመሪያው ከላይ ሲሄድ፣ ከ4 በኋላ ሁለተኛው ለዘለቄታው ያልፈዋል። ይህንን በዓይኑ ያየ ተማሪ የኤክስፖኔንሻል ዕድገት ምን ማለት እንደሆነ ያለ ትርጓሜ ይረዳል።

ሦስተኛ፣ ከቀመሩ ጋር አንድ ዓረፍተ ነገር ምክንያት ይጠየቅ፦ «ይህን ቤተሰብ ለምን መረጥህ?» ወይም «ለምን መረጥሽ?» የሁለተኛ ደረጃ ሒሳብ በእንግሊዝኛ ስለሚሰጥ፣ ብዙ ተማሪዎች ቀመሩን እያወቁ ምክንያቱን ለመናገር ይቸገራሉ። በማጠናከሪያ ክፍለ ጊዜ በአማርኛም ሆነ በወላይትኛ እንዲያብራሩ ስፈቅድላቸው፣ ዝም ይሉ የነበሩት መከራከር ሲጀምሩ አይቻለሁ። ከኋላ ወንበር «2^ቀም እኮ ይሆናል» የሚለው ድምፅ የሚመጣውም በዚያን ጊዜ ነው።

ማጠቃለያ

ሁለት ነጥብ አንድን መስመር ይወስናል፤ ቤተሰብን ግን አይወስንም። በመካከላቸው ስንቆይ ቤተሰቦቹ ይቀራረባሉ፤ ከእነርሱ አልፈን ስንተነብይ ልዩነቱ ሚሊዮኖች ይደርሳል። ስለዚህ ፈንክሽን የሚመርጥ ሰው፣ የ11ኛ ክፍል ተማሪም ይሁን የሕዝብ ቁጥር የሚተነብይ ባለሙያ፣ ስለ ዓለም አንድ ነገር መናገሩ ነው፦ «ይህ ነገር የሚለወጠው በዚህ ሕግ ነው» ማለቱ ነው። ግራፉ ያንን ንግግር ያሳያል እንጂ አያረጋግጥም። ማረጋገጫው ቁጥሮቹ ከመጡበት ነገር ባሕርይና ከሚቀጥለው ነጥብ ይመጣል፤ የሚቀጥለው ነጥብ በዘገየ ቁጥር ደግሞ የመረጥነው ቤተሰብ የሚሸከመው ኃላፊነት እየከበደ ይሄዳል።